አባባ ከአዳራሹ ሆነው የሰሙት ቅንብር

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል? ቀኑን ሙሉ የአውቶቡስ መሪ ጨብጠህ መዋልህ ወገብህን እያመመህ መሆኑን ባለፈው ነግረኸኝ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» እያልክ ብቻህን ታስታምመዋለህ? ሚስትህ እንዴት ናት? አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹስ አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ እያቀያየረ ያደርጋል? ስለ ሁላችሁም ሳስብ እውላለሁ፤ ድምፃችሁን የሰማሁ ጊዜ ግን የምጠይቀው ሁሉ ይጠፋኝና ስለ ዝናቡ አውርቼ ስልኩን እዘጋለሁ።

እኛ ከሐዘናችን በቀር ደህና ነን። እናታችን እቴቴም ትበላለች፤ ትንሽም ቢሆን ትተኛለች። አንድ ነገር ብቻ አልተዋትም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሬዲዮኑን ታጠፋለች፤ አባባ ትራምፔታቸውን የሚለማመዱበት ሰዓት ስለሆነ ነው። የሚለማመድ ሰው የለም። ቤቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ጭር ብሎ ይቆይና መልሳ ትከፍተዋለች። 

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አባባ ያረፉ ዕለት በስልክ ከነገርኩህ ውስጥ አንዱ ነገር እውነት አልነበረም። አንተ እያለቀስክ «በማተሚያ ቤቱ በዓል ላይ የኔን ቅንብር የነፉት እሳቸው ናቸው?» ብለህ ስትጠይቀኝ፣ እኔ «አዎ፣ እሳቸው ናቸው፤ የመጨረሻዋን ኖታ ሲይዟት ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ» አልኩህ። ያን ጊዜ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ይህንኑ ለልጅህ እንደነገርካት፣ እሷም በትምህርት ቤቷ ቆማ «አያቴ እስከ መጨረሻው ነፍተው ነው ያረፉት» ብላ እንዳወራች ነገርከኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? ያንተ ጓደኛ፣ ያ ሁልጊዜ ስለሚያረፍድ «ሰዓት» ብላችሁ የሰየማችሁት ድራም መቺ፣ የዝግጅቱን የድምፅ ቅጂ ወደናንተ በሚመጣ ሰው እጅ ልኮልሃል። አንተ የአባባን ትንፋሽ ከሺህ ሰው ትንፋሽ ትለየዋለህ። ከቅጂው ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

እንደምታውቀው የማተሚያ ቤቱ ባንዳችን አንተ ከሄድክ ወዲህ እየሳሳ ነው። ድሮ መድረኩ አልበቃ ብሎን በክርን እንጎሻሸም ነበር፤ አሁን አሥራ ሁለት ሰው ቀርተናል። መሪያችን ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ የኖታውን ቁም ሣጥን ቁልፍ ለኔ ሰጡኝ። «አንቺ የማተሚያ ቤቱ አራሚ ነሽ፤ ስሕተት አያመልጥሽም። ለበዓሉ አምስት የስዊንግና የጃዝ ቅንብር ምረጪ» አሉኝ። እኔ ሳክስፎኔን ይዤ ከሰው መሐል መቀመጥ እንጂ ሰው ምን እንደሚነፋ መወሰን ለምጄ አላውቅም። ቁልፉን ግን ተቀበልኩ።

ቅንብር መምረጥ ሲባል ደስ የሚል ዜማ ማንሳት ይመስለኝ ነበር። ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣሁ፤ አዳዲሶችንም አስመጣሁና በሳሎናችን ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። እቴቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ጓዳ የምታልፈው ግድግዳውን እየታከከች ነበር። በሁለተኛው ቀን ነው የሚመረጠው ዜማው ሳይሆን ሰዉ መሆኑ የገባኝ። አንደኛው ቅንብር አምስት ሳክስፎን ይፈልጋል፤ እኛ አራት ነን። ሌላው ዋናውን ዜማ የሚሰጠው ለሦስተኛው ትሮምቦን ነው፤ የኛ ሦስተኛ ትሮምቦን ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ ደግሞ እጅግ ይፈጥናል፤ ሰዓት እዚያ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው በማግስቱ ነው። ለስለስ ያለም አገኘሁ፤ አባባ ግን ገና ስሙን እንዳዩ «ስዊንግን በዝግታ መንፋት ጠባብ ጫማ አድርጎ ቁልቁለት እንደ መውረድ ነው፤ ልጆቹ ይችሉታል?» አሉኝ። በዚያ ላይ ስዊንግ የሚጻፈው ሌላ፣ የሚነፋው ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ እኩል የተሰለፉት ኖታዎች ሲነፉ አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ለአራሚ ይህ እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ የተጻፈውን ነው የማምነው።

አንድ ነገር ግን ደብቄ ነበር። እያንዳንዱን ቅንብር ሳነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የአንደኛ ትራምፔትን ከፍተኛ ኖታ ነበር። ከልኩ ካለፈ ዜማው ምንም ያህል ቢያምር መልሼ እከድነዋለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ካቻምና አባባ የላይኛውን የፊት ጥርሳቸውን አወለቁና ሰው ሠራሽ ተደረገላቸው። ላንተ እንዳንነግርህ አስጠንቅቀውን ነበር፤ «እዚያ ሆኖ በኔ ጥርስ አይጨነቅ» አሉ። ለእኔና ለአንተ ጥርስ ማኘኪያ ነው፤ ለትራምፔት ነፊ ግን ከንፈር የሚደገፍበት ግድግዳ ነው። መካከለኛዎቹን ኖታዎች እንደ ድሮው ሞቅ አድርገው ይነፏቸው ነበር። ከፍ ሲል ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ትራምፔቱን ያወርዱና ሳል ሳል ብለው «ጉንፋን ይዞኛል» ይላሉ። ስምንት ወር ሙሉ ጉንፋን። ባንዱ በሙሉ ያውቃል፤ ትንፍሽ የሚል ግን የለም። አንተ ከሄድክ በኋላ የገባች፣ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ፣ ሁለተኛ ትራምፔታችን፣ የሳቸው ድምፅ ሲከዳቸው ቀስ ብላ ከሥር ትገባለች፤ የሚያደናቅፈውን ሽማግሌ ክንዱን ይዞ እንደማሻገር ያህል።

አራቱን ቅንብሮች በዚህ ሁኔታ መረጥኩ። አምስተኛውን ለመፈለግ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሳለ አባባ በካልሲያቸው መጡና በወረቀቶቹ መሐል እየተረማመዱ ያንተን ቅንብር አነሡ። ያቺን እቴቴ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉራትን ዜማ ወደ ስዊንግ የለወጥክባትን፣ ልትሄድ ሦስት ወር ሲቀርህ የጻፍካትን። «በዓሉን የምንዘጋው በዚህች ነው» አሉ። የመጨረሻዎቹን አሥራ ስድስት የምት ክፍሎች፣ ሜዠሮቹን፣ ታስታውሳቸዋለህ፤ ትራምፔቱ ብቻውን ደረጃ በደረጃ ይወጣና ከመስመሮቹ ሁሉ በላይ አንዲት ኖታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ «አይሆንም» ማለት ነበረብኝ። «እሺ አባባ» አልኩ።

ከዚያ ያደረግኩትን ስነግርህ አፍራለሁ። ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ አራሚ ክፍል ቀርቼ የአንደኛ ትራምፔትን ወረቀት እንደ አዲስ ገለበጥኩት። አሥራ ስድስቱን ሜዠሮች ለሳቸው እንዲመቹ አድርጌ ዝቅ አደረግኳቸው። አዲስ እንዳይመስል ከመጋዘን ቢጫ የሆነ አሮጌ ወረቀት ለምኜ ነበር፤ የእጅ ጽሑፍህንም አስመሰልኩ። ያንተን ወረቀት ከልብሶቼ ሥር ሸሸግኩት።

በልምምዱ ዕለት አባባ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ነፉት። ወንድሜ፣ አሳምረው ነፉት፤ አንዲትም ኖታ አልተሰነጠቀችም። ሰዓት ከድራሙ ጀርባ «አባባ፣ ዛሬስ ጉንፋኑ ለቀቀዎት» ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ በልቤ ዘዴኛ ነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ትራምፔቱን እኔ ይዤላቸው፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር የምንሄደው። የወረቀት ጥቅሎቹ ከሚራገፉበት አጥር ዘንድ ስንደርስ ቆሙ። «ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ማተሚያ ቤት ፊደል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉኝ። «የወንድምሽ ኖታዎች ነፋስ እንደገፋቸው ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ያንቺዎቹ ለሰልፍ እንደቆመ ተማሪ ቀጥ ብለዋል።» እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። «ለኔ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ። «ግን ልጁ ያቺን ኖታ እዚያ ላይ የሰቀላት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ስላልደረስኩባት ወደ ታች አታውርጃት፤ የሚደርስባትን ሰው ፈልጊላት።» ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ ወደ እኔ ሳያዩ «ጥርሴ እንደከዳኝ አውቅ ነበር። ሁላችሁም እንደምታውቁ ግን አላወቅኩም» አሉ።  እስከ ዛሬ ያ መንገድ ሲረዝምብኝ ይኖራል።

በማግስቱ ያንተን ወረቀት ካስቀመጥኩበት አወጣሁና ሰጠኋቸው። እሳቸው ደግሞ በሁሉም ፊት ለነርሷ ሰጧት። «እኔ በእርስዎ ወንበር አልቀመጥም» ብላ አለቀሰች። አባባም «አንቺ መርፌ ስትወጊ ሕመምተኛው አለቀሰ ብለሽ ትተያለሽ?» አሏት። እያለቀሰች ሳቀች፤ ተቀበለችም። አምስት ሳምንት ሙሉ ከሥራዋ ስትወጣ በአሥር ሰዓት እኛ ቤት እየመጣች ተማረች። አባባ ከፍተኛዎቹን ኖታዎች በትራምፔት ሊያሳዩዋት ስላልቻሉ በአፋቸው ይዘፍኑላት ነበር። የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ የት ላይ እንዳትቸኩል፣ ከአሥራ ሁለተኛው ሜዠር በፊት ትከሻዋን እንዴት እንደምታላላ ነገሯት። እቴቴ ጓዳ ሆና ትሰማቸውና «ሰውየው ድምፅ ነበራቸው ለካ» ትለኝ ነበር።

እኔ ቢያንስ ሦስተኛ ትራምፔት ሆነው እንዲቀመጡ ለመንኳቸው፤ የሚመቻቸውን እጽፋለሁ አልኩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሦስተኛ ላይ ሲታይ፣ ሰዉ እሱን ያያል እንጂ ሙዚቃውን አይሰማም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን አላነሣሁባቸውም።

የበዓሉ ዝግጅት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አባባ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከእቴቴ ጎን በአራተኛው ረድፍ ተቀመጡ። በእድሜያቸው ባንዳችንን ከመሐሉ ሆነው እንጂ ከፊት ለፊቱ ሰምተውት አያውቁም። ከኔ ወንበር ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። አራቱን ስንጫወት በእግራቸው ምት ይመቱ ነበር፤ ያንተ ስትጀመር እግራቸው ቆመ። ነርሷ ተነሥታ ቆመች። አሥራ ስድስቱን ሜዠሮች አንድ በአንድ ወጣቻቸው፤ የመጨረሻዋንም ኖታ ያዘቻት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው መነሣቱ እውነት ነው፤ እሱን አልዋሸሁህም። አባባ ብቻ አልተነሡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር፤ የቆመው ሰው ከለለብኝና ፊታቸው ጠፋኝ።

ሳክስፎኔን ወንበር ላይ ጥዬ ወረድኩ። ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። እሳቸው ቀደሙኝ። «ትሮምቦኖቹን ጆሮዬን አደነቆራችሁኝ እያልኩ ስሰድባቸው ነው የኖርኩት። ለካ ከፊት ሲሰሙ ልክ ናቸው፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው» አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙና ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤ «ከትራምፔቱ ሥር ሳክስፎኖቹ የሚሉት ነገር አለ። እኔ ሁልጊዜ ከላዩ ስነፋበት ሰምቼው አላውቅም። ልጁ ያን ሁሉ ከእግሬ ሥር አንጥፎልኝ ኖሮ እኔ ብቻዬን የምወጣ ይመስለኝ ነበር።»

እቤት ገብተው ትራምፔታቸውን አጠቡ፣ ዘይት ቀቡት፣ በጨርቅ ወለወሉትና ሣጥኑን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አልከፈቱትም። ሰባት ወር ብቻ ነው የቆዩት። ሐኪሙ የልብ ድካም ነው አለን፤ ከጥርሳቸውም ከትራምፔታቸውም ጋር እንደማይገናኝ አስረዳኝ። ጭንቅላቴ ያምነዋል። እኔ ግን ያን ወረቀት ባልነካው ኖሮ፣ ተሰነጠቀም አልተሰነጠቀም እስከ መጨረሻው ይነፉ ነበር ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እቴቴ «ተዪ፣ በክብር ነው ከወንበራቸው የተነሡት» ትለኛለች። ልክ ናት፤ ግን በራሳቸው ጊዜ መነሣት ነበረባቸው፤ ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ። ይህን የመጨረሻውን ግን ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለማን እናገረዋለሁ? አንተ ነህ የቀረኸኝ።

ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን አንድ ቀን «በሚመጣው ዓመት ምን ልትጫወቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ገና እንዳልመረጥኩ ስነግራቸው ወረቀቶቹን እንዳመጣ አዘዙኝ። አልጋው በኖታ ተሞላ፤ የክፍሉ አስታማሚ አንድ ጊዜ የሙቀታቸውን ሰንጠረዥ ፈልጋ ፈልጋ ከአንድ ብሉዝ ሥር አገኘችው። ጣታቸውን በየመስመሩ ላይ እያስሄዱ በዝግታ ያነቡና «ይህ ጉራ ብቻ ነው» ወይም «ይህን የጻፈው ሰው ነፊ መተንፈስ እንደሚያስፈልገው የነገረው የለም» ይሉኛል። አሁን ሲመርጡ የሚለኩት በነርሷ ከንፈር፣ በሰዓት እጅ፣ በኔ ትንፋሽ ነበር። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አራት መረጥን። ለመዝጊያው ሁለት ቅንብር ይዤላቸው ሄድኩ። ሁለቱንም አነበቧቸውና መልሰው ሰጡኝ። «ጥሩ ናቸው፤ የኛን ልክ ግን አያውቁም። ወንድምሽ እያለ በልካችን ይሰፋልን ነበር። ጠይቂው» አሉኝ።

እኔ ሙዚቃ መጻፍ ከተውክ ዘጠኝ ዓመትህ መሆኑን፣ ባለፈው ሳነሣብህም «ያ ሌላ ሰው ነበር» ብለህ እንደዘጋኸኝ ነገርኳቸው።  ከዚያ «እምቢ ቢል እንኳ ጠይቂው። እንደሚፈለግ ይወቅ» አሉኝ።

ይህ የሆነው እሁድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ረቂቅ እያረምኩ ነበር፤ እቴቴ ነበረች አጠገባቸው። ምንም አልተናገሩም፤ ተኝተው እንደነበር ነው የነገረችኝ።

እንግዲህ ቅጂው ሲደርስህ የምትሰማት ነርሷ ናት። ጥሩ ትነፋለች፤ አትቀየማት። ለልጅህ እውነቱን እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ፤ ለዋሸሁት ግን እኔን ውቀሰኝ እንጂ እሳቸውን ከዓይኗ አታሳንስብኝ። በኔም ከተቆጣህ ዝም አትበለኝ፤ ጻፍና ተቆጣኝ። ትራምፔታቸው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፤ ላንተ ይቀመጥ ወይስ ለነርሷ ይሰጥ እቴቴ አልወሰነችም። እኔም አላቻኮልኳት።

ለመዝጊያው ከጻፍክልን ልካችን ይኸው፤ አሁን ሁለት ትራምፔት፣ ሁለት ትሮምቦን፣ አራት ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ነን። ነርሷ ከፍ ብላ መውጣት ትችላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን አታድክማት፣ ከሥራዋ ደክማ ነው የምትመጣው። ሰዓት ያው ሰዓት ነው። እኔ ረዥም ትንፋሽ የለኝም፤ ከአራት ሜዠር በላይ አትዘርጋብኝ። አልችልም ካልከኝ ከሁለቱ አንዱን መርጬ ልምምድ እንጀምራለን፤ ማንም አይቀየምህም። አባባ ጠይቂው ብለውኛልና ጠየቅኩህ።

ሚስትህን በኔ ስም ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል በላት። ትልቋ ልጅህን አክስትሽ በእጅሽ የምትጽፊውን ደብዳቤ ትጠብቃለች በላት፤ ስሕተት ቢኖርበትም አላርመውም። ትንሹን ጫማውን ባቀያየረበት እግሩ ላይ ሳምልኝ። እቴቴ አንተን «ወገብህን በሙቅ ውኃ ተኩስ፣ ሹፌር ነኝ ብለህም ቁርስህን አትዝለል» ትልሃለች፤ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ ጉልበቴን በእጇ ይዛለች። ሰዓት ቅጂው ካረፈደ የሱ ጥፋት አይደለም ብሏል። ነርሷም የማታውቅህ ብትሆንም ሰላም በይልኝ ብላኛለች።

የምትወድህ እህትህ

ከአሮጌው ቤታችን፣ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ
ኅዳር 17 ቀን